የሮካሰልቫው የበረራ ሠዓሊ

በ1931 መከር ላይ፣ ነፋስ በበዛበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሩፊኖ ካስታልዲ የቅዱስ ማርቲኖ ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ላይ ወጣና ወገቡን በገመድ ታስሮ ግማሽ አካሉን በመስኮቱ ወደ ውጭ አንጠለጠለ። በአንድ እጁ ወረቀት የተለጠፈበት ጣውላ፣ በሌላው ከሰል ይዟል። የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ከታች አደባባዩ ላይ ቄሱ ዶን ጋስፓሬ አንጋጠው ይጮኻሉ። «ውረድ አንተ! ዛሬ ሁለት ቀብር አለብኝ፣ ሦስተኛ አትጨምርብኝ!»

አጠገባቸው የቆመችው የሩፊኖ ሚስት ኤርሲሊያ ደግሞ፣ «ይተዉት አባ! እሱስ ይውደቅ፤ ገመዱ ግን የልብስ ማስጫዬ ነው» ትላለች።

«ምን ይታይሃል?» አልኩት ከውስጥ፣ እጄ ተልጦ።

«ምንም! ሁሉም ነገር እንደቆመ ነው። ግንብ ላይ ቆሞ ምን ይታያል? ብበር ኖሮ ጣራው፣ መንገዱ፣ ወይን እርሻው ሁሉ ሲሽከረከር አየው ነበር። ትንሽ ልቀቀኝ ቴሬንዚዮ፣ ትንሽ ብቻ!»

አልለቀቅኩትም። እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱ በዚያው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሥዕል ያስተምራል። ለብዙ ዓመት በአንድ ኮሪደር ተመላልሰናል። ቀን ቀን የአናጢና የግንበኛ ልጆችን የድሮ ዓምድ ያስስላል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ዓምድ የሚባል ነገር ከምድረ ገጽ ይጥፋ እያለ ይምላል።

ነገሩ የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ ልጁ እጁ ለሥዕል ሲፈታለት ጊዜ ፔሩጃ ልኮ አስተማረው። እዚያ ሳለ ነው ሚላኖ ውስጥ ፉቱሪስት ነን የሚሉ ጎረምሶች እንደተነሡ የሰማው። ያረጀ ሐውልትና የጨረቃ ብርሃን ይበቃናል፤ ከእንግዲህ የሚሳለው ሞተር ነው፣ ባቡር ነው፣ ፍጥነት ነው ይላሉ። ሩፊኖ በበቅሎ ጋሪ ሲጎተት ያደገ ልጅ ነውና ይህን ሲሰማ ልቡ ቀለጠ። በ1913 እነዚህ ሰዎች ፊሬንዜ ቲያትር ቤት ሊሰበሰቡ ነው ሲባል ኮቱን ሸጦ ተሳፈረ። አዳራሹ በጩኸት ተናግቷል፤ ሕዝቡ መድረኩ ላይ ያሉትን በድንች ይቀጠቅጣል። እሱ «አይዟችሁ!» ብሎ ሊያበረታታ ወንበር ላይ ቢወጣ፣ ከኋላ የተወረወረ ድንች ማጅራቱን መታው። ከፊት ደግሞ የመድረኩ ሰዎች ረባሽ መስሏቸው ሁለት ጊዜ በቡጢ አቀመሱትና ጎትተው አስወጡት። በታኅሣሥ ብርድ ያለ ኮት ወደ አገሩ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጦርነት መጣ፤ ሦስት ዓመት ካርሶ ተራራ ላይ ቋጥኝ ሲፈነቅልና ጉድጓድ ሲቆፍር አለፈ። ሲመለስ ሥራ ተገኘለት፣ አገባ፣ ዓምድ ማስሳል ጀመረ።

አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው እሳቱ እንደገና የተቀጣጠለው። ፉቱሪስቶቹ አሁን ደግሞ አዲስ ነገር ይዘው መጡ፤ ዓለምን ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ መሳል። ሩፊኖ ጋዜጣውን ይዞ ቤቴ ድረስ ሮጦ መጣ። «አየህ? አልረፈደብኝም! ይኼኛው ገና መጀመሩ ነው!»

በዚያው ሰሞን የፉቱሪስቶቹ አለቆች ፓስታ ሰው ያፈዛል፣ ለፈጣን ዘመን የማይሆን ምግብ ነው ብለው አወጁ። ኤርሲሊያ ምሳ ስታቀርብ ሩፊኖ ሳህኑን ገፋ አደረገው።

«ምን ሆንክ?»

«አልበላም። ፓስታ ያደነዝዛል።»

«አንተን? አንተን እንኳን ፓስታ መዶሻም አያደነዝዝህም፤ ድሮ ደንዝዘህ አልቀሃል። ምን ላቅርብልህ ታዲያ፣ ሞተር ልቀቅልልህ?»

ሁለት ቀን በዳቦና በወይራ ቆየ። ከዚያ እኔ ቤት መጥቶ ሁለት ሳህን ሙሉ ፓስታ ጠረገና «ለኤርሲሊያ እንዳትነግራት» አለኝ። ነገርኳት።

ሥዕሎቹ ግን መጥፎ አልነበሩም። ተራሮች እንደ ጨርቅ ይጠቀለላሉ፣ መንገዶች እንደ ጅራፍ ይወናጨፋሉ፣ ከተማችን እንደ ፈሰሰ ሾርባ ትሽከረከራለች። ፔሩጃ ለሚደረግ ኤግዚቢሽን አራቱን ተሸክመን ሄድን። ሥዕል የሚመርጠው ጓንት ያጠለቀ ወጣት አንድ በአንድ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። ለመሆኑ ስንት ሰዓት በረዋል?»

ሩፊኖ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ «አሥራ ሁለት» አለ።

እኔ ሳል ያዘኝ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ፣ «አሥራ ሁለት? አንተ እንኳን አውሮፕላን አውቶቡስ የሚያዞርህ ሰውዬ?» አልኩት። እውነትም ፊቱ አመድ መስሎ መስኮቱን ከፍቶ ነበር።

«ጓንቱን አላየህም? ዜሮ ብለው ኖሮ ሥዕሎቹን ከነፍሬማቸው በመስኮት ይወረውራቸው ነበር። ደግሞ አሥራ ሁለት ምን አላት? ሃምሳ ማለት እችል ነበር።»

ሁለቱ ሥዕሎች ተሰቀሉ። ከዚያ በኋላ መብረር የግድ ሆነበት፤ ውሸቱ እንደ ጠጠር ጫማው ውስጥ ገብቶ ይቆረቁረዋል። ደግነቱ የቀድሞ ተማሪው ኦታቪዮ ናርዴሊ ፎሊኞ አውሮፕላን ሜዳ አብራሪ ሆኗል። ሩፊኖ በሥዕል ሁለት ዓመት የጣለው ልጅ ነው።

ኦታቪዮ ሲያየን ሳቀ። «መምህር! የዚያን ዓምድ አናት አሥር ጊዜ ያስደገሙኝን ረስተው ነው? እሺ፣ ግዴለም፣ አወጣዎታለሁ። ስንወጣ ግን ዓምድ የለም።»

በመጀመሪያው ቀጠሮ ጉም ወረደ። የፎሊኞን ሜዳ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አውሮፕላኑን በዳበሳ አገኘነው እንጂ አላየነውም። እስከ ቀትር ጠብቀን የምስር ሾርባ በልተን ተመለስን። ሌላ ቀን ተቀጠረ። ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠራ፤ ሩፊኖ የቆዳ ኮፍያ ተውሶ አጥልቆ፣ እግሩን መወጣጫው ላይ እንዳሳረፈ ከንቲባችን ሲኞር ብራንካሌዮኒ ቡትስ ጫማቸውን እያንኳኩ መጡ።

«ካስታልዲ፣ ውረድ እስቲ። ወንዙ ላይ የሚሠራውን ድልድይ ከላይ ማየት አለብኝ።»

«ሲኞር ከንቲባ፣ እኔ ከወር በፊት ነው የተቀጠርኩት…»

«ሥዕል የትም አይሄድም። እኔ ግን ሥራ አለብኝ።»

የቆዳ ኮፍያውን ሳይቀር ከሩፊኖ ጭንቅላት ላይ አንሥተው አውሮፕላኑ ላይ ወጡ። ድልድዩ እስከ ዛሬ አልተሠራም። በሦስተኛው ጊዜ ሞተሩ እምቢ አለ፤ በአራተኛው ኦታቪዮ ራሱ ታመመ። ሩፊኖ እየተመላለሰ ሦስት ዓመት አለፈ፤ በመሐሉ ስለ በረራ ሁለት ጊዜ ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዞ አድርጓል፤ ብዙ ተጨብጭቦለታል። ከንግግሩ በኋላ ግን ቤቱ ገብቶ ብሩሽ ይሰብር ነበር።

በ1935 ጦርነቱ መጣ። ያኔ አቢሲኒያ ወደምንለው አገር መርከቡ ወታደር እየጫነ ሄደ፤ ኦታቪዮም ከነአውሮፕላኑ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ከንቲባው ሩፊኖን አስጠሩት። ለምክር ቤቱ አዳራሽ ግድግዳውን የሚሸፍን «ክንፎቻችን በአፍሪካ ሰማይ» የሚባል ትልቅ ሥዕል ይፈለጋል። ሩፊኖ አፍሪካን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የመሬቱን ቀለም ከብስኩት ቆርቆሮ ላይ ቀዳው። ክረምቱን ሙሉ ሠራ። አውሮፕላኑ በሰያፍ ሸራውን ሰንጥቆ ይወርዳል፣ ክንፉ በሦስት ተባዝቷል፣ ከሥሩ ቦምቡ ሲፈነዳ ብርቱካንማና ሮዝ ሆኖ እንደ አበባ ይተረተራል።

ኤርሲሊያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እዚህ ሥር ማን አለ?»

«የት?»

«እዚህ፣ እሳቱ ሥር።»

«ፍጥነት ነው የሳልኩት፣ ኤርሲሊያ።»

«ፍጥነቱስ ይሁን፤ ማን አለ ነው የምልህ።»

«ኧረ ተይኝ እባክሽ!» ብሎ ጮኸባት። እሷም ትታው ወጣች።

ሥዕሉ በድምቀት ተሰቀለ። ጋዜጣ አወደሰው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ይጨብጠው ጀመር፤ ሥጋ ሻጩ ሳይቀር ጥሩ ጥሩውን ይቆርጥለታል። ያን ሰሞን ደስተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ደስተኛ ሆኖ አላየሁትም።

ኦታቪዮ በ1936 በጋ ተመለሰ። ከስቷል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል፣ እጁ ላይ ሲጋራ አይጠፋም። ሩፊኖ እየተጣደፈ ወደ አዳራሹ ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩ። ልጁ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ መምህር?»

«አንተ ነሃ! ያንተ በረራ ነው!»

«አበባ ነው የሳሉት?»

«ፍንዳታው ነው። እንቅስቃሴው… ኃይሉ…»

«አንድ ቀን ጠዋት» አለ ኦታቪዮ፣ ከሥዕሉ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «አንድ ቦታ ሰው ተሰብስቧል። ገበያ ይሁን ሠርግ ይሁን አላወቅኩም። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ከላይ የተበተነ ሩዝ ይመስላሉ። ቦምቡን ስጥል አልሮጡም ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ለምን አይሮጡም እያልኩ። ዞሬ ስመለስ ነው የገባኝ። እየሮጡ ነበር። ከዚያ ከፍታ የሚሮጥ ሰው የቆመ ነው የሚመስለው።»

 ከዚያ ሩፊኖ፣ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ልማድ ይሆናል፣ «የጭሱ ቀለምስ ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቀ።

ኦታቪዮ ዞር ብሎ አየው። የሚመታው መስሎኝ አንድ እርምጃ ቀረብኩ። «ሐሙስ ጠዋት ሜዳው ይምጡ» አለ ብቻ። «ስንት ዓመት የለመኑኝን በረራ ላድርግልዎ።»

ሐሙስ የገበያ ቀናችን ነው። ኤርሲሊያ ሩፊኖ ከላይ እንዲለያት ብላ ቀዩን የገበታ ልብስ ጣራው ላይ ዘርግታ ከጎኑ ቆመች። እኔ ሜዳው ላይ ሆኜ ሲነሡ አየሁ። የሆነውን በኋላ ሩፊኖ ነው የነገረኝ፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በብዙ ወራት፣ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ አድርጎ።

መሬቱን ሲለቁ ነፋሱ ጉንጩን ገፈፈው፤ ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ግን ነገሩ ሁሉ መቀዝቀዝ ጀመረ። ተራሮቹ አልተጠቀለሉም። መንገዱ እንደ ተዘረጋ ክር ዝም ብሏል። ሩፊኖ ከፊቱ የተቀመጠውን የኦታቪዮን ትከሻ እየደበደበ «ፍጠን! ፍጠን እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

ኦታቪዮ የፍጥነት መለኪያውን በጣቱ አሳየው፤ መርፌዋ ጥጓ ላይ ደርሳለች። ከታች ግን ዓለም ንቅንቅ አላለችም። ሃያ ዓመት ሙሉ በሐሳቡ ሲያሽከረክራት የኖረው ምድር ወጥ ሆና ተኝታለች።

ከከተማችን ከሮካሰልቫ በላይ ሲደርሱ ኦታቪዮ የሞተሩን ድምፅ ቀነሰው። አውሮፕላኑ በነፋስ ብቻ ተንሳፈፈ፤ ጸጥ አለ።

«ይታዩዎታል?» አለው ወደ ኋላ ዞሮ። «ሐሙስ ገበያ ነው። ሁሉም አሉ። እስቲ ሚስትዎን ያሳዩኝ።»

ሩፊኖ ዓይኑን አፍጥጦ ፈለገ። ጣራ ሁሉ ጣራ ነው። ቀይ ነገር የለም፤ ወይም የሸክላው ጣራ ሁሉ ቀይ ነው። አደባባዩ ላይ ጥራጥሬ ፈስሷል። ዶን ጋስፓሬን፣ ሥጋ ሻጩን፣ ተማሪዎቹን ሁሉ አንድ አውራ ጣት ትሸፍናቸዋለች።

«አጣኋት» አለ።

«እኔም አጥቻቸው ነበር» አለ ኦታቪዮ፣ ሞተሩንም መልሶ አስጮኸው።

ሲወርድ በተዋሰው ኮፍያ ውስጥ አስታውኮ ነበር። ደግፌ አወጣሁት። ኦታቪዮ ሳይሰናበተን ሄደ፤ በኋለኛው ጦርነት ባሕር ላይ ጠፍቶ ቀረ።

በማግስቱ ሩፊኖ ከንቲባው ዘንድ ገባ። «ሥዕሉን አውርዱልኝ። ተሳስቻለሁ።»

«ምኑ ላይ ነው የተሳሳትከው? ጋዜጣ ያወደሰው ሥዕል ነው።»

«እንደዚያ አይደለም፤ ከላይ እንደዚያ አይታይም። በርሬ አየሁ።»

ከንቲባው ሳቁ። «አሥራ ሁለት ሰዓት በርረህ አሥራ ሦስተኛው ላይ ነው የታየህ? ሂድ ካስታልዲ፣ ደክሞሃል። ሥዕሉ ያንተ አይደለም፣ የምክር ቤቱ ነው።»

ያን ጊዜ ውሸቱ ጥርስ አውጥቶ ነከሰው። በፊት አልበረርኩም፣ አሁን ነው የበረርኩት ብሎ ቢምል ማንም አልሰማውም፤ ለትሕትና ቆጠሩለት።

ሌላ ሥዕል ልተካ ብሎ ስድስት ወር ለፋ። ትንሽ ሸራ ነው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ መሬት፣ መሐሉ ላይ አደባባይ፣ አደባባዩ ላይ ነጫጭ ነጥቦች። ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም። እኔ ከሠራቸው ሁሉ የምወደው ያንን ነው። ከንቲባው አየት አድርገው «ያላለቀ ነው» አሉ። ፔሩጃ ያለው ባለ ጓንት ደግሞ «ይህ የመሬት ካርታ ነው፤ ፍጥነቱ የት አለ?» ብሎ መለሰው። ሩፊኖ መንገዱን ሙሉ በንዴት ብቻውን ሲያወራ መጣ። «ፍጥነቱ የት አለ ይለኛል! ነገሩኮ እሱ ነው! የለም! የለም እኮ ነው የምለው!»

ከዚያ በኋላ መሳል ተወ። ዓምድ ማስሳሉን ቀጠለ፤ ለልጆቹ ግን ክፉ ሆነባቸው፤ መስመር ትንሽ ከተንጋደደ ወረቀቱን ይቀድዳል። ሰዎች «በራሪው መምህር» እያሉ ሲጠሩት ፊቱ ይጠቁራል። ሌላው ጦርነት መጣ፣ አለፈ፤ ከንቲባው ሸሹ፤ በቦታቸው ጫማ ሰፊው ኔሎ ተመረጠ። ሩፊኖ አሁንስ ብሎ ወደ ኔሎ ሮጠ።

ኔሎ ቅን ሰው ነው። የአውሮፕላኑ ክንፍ ላይ የነበረውን የፋሺስት ምልክት በነጭ ቀለም አስጠፋና ሥዕሉን ለሕፃናት ማዋያው ሰጠው። «አየህ፣ ጓድ ካስታልዲ፣ ቀለሙ ደስ ይላል። ልጆቹ ወደውታል፤ አበባውን ይቆጥሩበታል።»

ሩፊኖ ማዋያው ድረስ ሄዶ አስተማሪዋን ለመናት። እውነቱን ሁሉ ነገራት፤ አበባው ምን እንደሆነ፣ ሥሩ ማን እንደነበረ። እሷም ሰማችው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን «እኔ ማውረድ አልችልም፣ ምክር ቤቱን ልጠይቅ» አለች። ምክር ቤቱ ከምርጫ በኋላ አለ። ከምርጫ በኋላ ደግሞ ግድግዳው እርጥበት ስላለው ሌላ መሸፈኛ እስኪገኝ ይቆይ ተባለ። ግድግዳውን እኔ ራሴ እለስናለሁ፣ የግንበኛ ልጅ ነኝ ብሎ ኖራ ገዝቶ ቢሄድ፣ ያለፈቃድ አይነካም ብለው መለሱት። የኖራው ከረጢት ደጁ ላይ ዝናብ ጠጥቶ ድንጋይ ሆነ። በየዓመቱ ይሄዳል፣ በየዓመቱ ይጨቃጨቃል፣ በየዓመቱ እኔ ቤት መጥቶ ጠረጴዛዬን ይደበድባል። «የምወደውን ወረወሩብኝ፤ የምጠላውን ሰቀሉብኝ!» ይላል። 

በ1953 መጋቢት በሳምባ ምች ሞተ። ቀብሩ ላይ የመንግሥት ሰው ተነሥቶ ሰማይን ስለ ወደደው ልጃችን ብዙ ተናገረ። ኤርሲሊያ ሳትሰማው መሬት መሬት ታይ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት በሬን አንኳኳች። «ተነሥ፣ ኮትህን ልበስ» አለችኝ። ጥቁር ለብሳ፣ የገበያ ቅርጫቷን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ማዋያው ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ። ሕፃናቱ ሾርባቸውን ይጠጣሉ። ኤርሲሊያ ወንበር ጎትታ ወጣችበትና ከቅርጫቷ ሥጋ የምትከትፍበትን ቢላ አውጥታ ሸራውን ከፍሬሙ ዙሪያውን ቀደደችው። አስተማሪዋ ብድግ አለች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ እሷን አየቻት፣ ጎንበስ ብላ የአንዱን ሕፃን አፍ መጥረግ ጀመረች።

«አበባውን የት ልትወስጂው ነው?» አለ አንዱ።

«ቤቴ» አለች ኤርሲሊያ፣ ሸራውን እየጠቀለለች።

ባዶው ፍሬም እርጥቡ ግድግዳ ላይ ቀረ። ምክር ቤቱ ሌባ ፍለጋ ሁለት ፖሊስ ላከ፤ ሁለቱም የሩፊኖ ተማሪዎች ስለነበሩ ኤርሲሊያ ቤት ወይን ጠጥተው ተመለሱ።

ሸራውን ምን እንዳደረገችው ብዙ ጊዜ ጠየቅኳት። አቃጥላው ይሁን፣ ቆርጣ ለአይብ መሸፈኛ አድርጋው ይሁን፣ ትንሿን ሥዕል ጠቅልላበት ይሁን አላውቅም።

«የት አደረግሽው፣ ኤርሲሊያ?»

«አንተን ምን አገባህ? ብላ ይልቅ፣ ፓስታው ይቀዘቅዛል።»